ስሜ ከነመንደሬ

ጥቅምት 3

ጠዋት አኩራፊዋ ፍየል ባልዲውን በእርግጫ ገለበጠችብኝ። ግማሹን ወተት መሬት ጠጣው። ምን ከፋት? እንጃላት። እፍኝ ጨው አቀረብኩላት፤ ልሳ ልሳ ስትጨርስ ቀጥ ብላ ታለበች። ጉቦኛ።

ልጄ አርፍዳ ወጣች። ጫማው ጠበበኝ ትላለች። ገና በአሥራ አራት ዓመቷ እግሯ የእኔን አልፏል። እንዲህ ከቀጠለች በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው።

ወተት መሰብሰቢያው ጋ ሰልፍ ነበር። የሚመዝነው ሰውዬ… ሚዛኑ ነው የምንለው፣ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም… አዲስ ነገር ነገረን። ከመጪው ዓመት ጀምሮ እቤት ያልቀዘቀዘ ወተት አይቀበሉም። ማቀዝቀዣውን ማኅበሩ በብድር ይሰጣል፤ ዋስትናው የመንግሥት ድጎማ ነው። እኔ ድጎማ አለኝ። ለፍየሎቹም፣ ሳይታረስ ለሣር ለተተወው ዳገትም በየዓመቱ ይከፍሉኛል። ወተቱን ካልተቀበሉኝ ፍየል ማርባቱ ምን ያደርግልኛል? ተመዘገብኩ።

ከባልዲው በቀር ደህና ቀን።

ጥቅምት 9

ከግብርና ቢሮ በስልክ መልእክት መጣ። ድጎማ የሚያገኝ ገበሬ ሁሉ ሙሉ ስሙ፣ መንደሩና የተከፈለው ገንዘብ ከዘንድሮ ጀምሮ በድረ ገጽ ይወጣል። ሕዝብ የሚከፍለው ግብር የት እንደሚገባ ማወቅ መብቱ ነው ይላል። ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

ማንም ሰው…

እሱም ማንም ሰው ነው።

እራት አልበላሁም። ልጅቱ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኳት።

ጥቅምት 10

እዚህ ላይ ማንን እደብቃለሁ? ከእኔ በቀር የሚያነበው የለ። ልጻፈው።

ከባሌ ቤት ከወጣን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነበር። ይመታኝ ነበር። መጀመሪያ ሲጠጣ፣ ኋላ ኋላ ሳይጠጣም። አንድ ቀን እሷን መታ። በማግስቱ ሥራ እስኪሄድ ጠብቄ አንድ ሻንጣና ልጄን ይዤ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት መቼ ነው የሚነሳው ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሌላ። እዚህ ስንደርስ የያዝኩት ገንዘብ አለቀ። መንደር የመረጥኩት እንዲህ ነው።

አንዲት ባልቴት ፍየል የሚያልብላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ከየት መጣሽ ሳይሉ ቀጠሩኝ። እስኪሞቱም አላሉኝም። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፣ ቦታውን አከራዩኝ። ፍየሎቹን አንድ በአንድ ገዛኋቸው።

ወላጆቼ በሕይወት የሉም። የት እንዳለሁ ለማንም አልተናገርኩም። የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ ይለኝ ነበር። ሳይጮህ ነው የሚለው፣ ረጋ ብሎ።

የእኔ ስም ደግሞ… የራሴ፣ የአባቴና የአያቴ አንድ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሰው የሚጋራው ዓይነት አይደለም። ያኔውኑ ብቀይረውስ ኖሮ? መታወቂያው በዚህ ስም ነው፣ ድጎማ ደግሞ ያለ መታወቂያ አይሰጥም። ይሄ ሩቅ አገር ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ ነበር።

ጥቅምት 14

ፍየሎቹን አልቤ ቢሮ ሄድኩ። የድጎማ ክፍሉ ሠራተኛ ጉንፋን ይዞታል፤ በአንድ እጁ መሐረብ፣ በአንድ እጁ ማህተም። ትሑት ሰው ነው። ስሜ እንዳይወጣ እፈልጋለሁ አልኩት። ሰሞኑን ይህን ያላለኝ ሰው የለም አለኝ። እነዚያ ጎረቤት ኪሳቸውን እንዳያይባቸው ነው። እኔስ? እንደ እነሱ መስዬው ይሆናል።

ሁለት መንገድ አለ ብሎ አስረዳኝ። አንደኛው፣ ክፍያው ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ስም አይወጣም፣ ቁጥር ብቻ ይወጣል። የእኔ ትንሽ ነው የሚያልፈው፤ አምስት ስድስት ፍየል ብቀንስ ከመስመሩ በታች እገባለሁ። ሁለተኛው፣ ስሙ መውጣቱ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው በማስረጃ ይታለፋል።

"ምን ዓይነት ማስረጃ?"

"የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት። በእርስዎ በኩል የተመዘገበ ነገር አለ?"

የለም አልኩት። ያኔ የሰፈሩ ፖሊስ ባሌ አብሮት የሚጠጣ ጓደኛው ነበር፤ ማን ጋ ሄጄ ላስመዝግብ? ይህንን ግን አልተናገርኩም። 

ማህተሙን አስቀመጠ። የገባው ይመስለኛል። "እኔ ባምንዎት መመሪያው አያምንዎትም" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ምን ዋጋ አለው…

ጥቅምት 20

የማኅበሩ ስብሰባ። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ መስኮት ላይ የተቀመጠም ነበር። የጠራን ባለ ትራክተሩ ነው። እርሻው ከሁላችንም ይበልጣል፤ ከብቶቹን በስልክ ነው የሚያረባቸው እያሉ ይቀልዱበታል። ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ስም ማውጣት ማዋረድ ነው፣ ገበሬውን ለወሬኛ አሳልፎ መስጠት ነው አለ። ከዚህ ሰውዬ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ዛሬ ግን አፉን ቁርጥ አድርጎ ይብላኝ አልኩ።

ለፍየሎቹ ድርቆሽ የምትሸጥልኝ ሴት አጠገቤ ነበረች። ብድግ አለች።

"ስሙ እንዳይወጣ የሚፈራ ሌባ ብቻ ነው።"

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? አጠገቧ ሆኜ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መጨረሻ ላይ ስማችን አይውጣ የሚል ማመልከቻ ለፊርማ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ አየሁት። ሙሉ ስም፣ መንደር፣ ስልክ ቁጥር። ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍኩት። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥቅምት 24

ፍየል ልቀንስ ነው። ስድስቱን ለየሁ። ሲለዩ ደስ አላላቸውም፤ አጥር ለአጥር እየሄዱ ሲጮሁ ዋሉ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጥታ አየቻቸው። ምን አጠፉ አለችኝ።

ምንም አላጠፉም።

ጥቅምት 27

ነጋዴው መጣ። የመጀመሪያዋን ሆዷን ዳበሰ፣ ሁለተኛዋን ዳበሰ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"እነዚህ እኮ ያረገዙ ናቸው። ምን አጋጠመሽ?"

ምንም አላጋጠመኝም አልኩት። ያረገዘች ፍየል ምንም ሳያጋጥመው የሚሸጥ ሰው አላየሁም አለኝ። ዋጋውን ጠራ። መጥፎ ዋጋ አልነበረም፣ አዝኖልኝ ይሆናል። ገንዘቡን ሊቆጥር እጁን ኪሱ ሲከት… ቆይ አልኩት። በባሌ ምክንያት ቤቴን ትቼ ወጣሁ። የሚያውቀኝን ሰው ሁሉ ትቼ ወጣሁ። አሁን ደግሞ ፍየሎቼን? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሩቅ ሆኖ እንኳን ስንት ፍየል ላርባ የሚወስነው እሱ ነው?

ሐሳቤን ለውጫለሁ አልኩት። ነጋዴው አልተቆጣም። እንኳን ለወጥሽ ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ስድስቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። አኩራፊዋ አንዷን በቀንዷ ገፋቻት፤ የት ነበርሽ እንደማለት።

ኅዳር 2

ቢሮ ሄጄ የድጎማውን ቅጽ ፈረምኩ። ፍየሎቹን ሁሉ፣ ዳገቱንም አስመዘገብኩ።

ኅዳር 18

የማቀዝቀዣው ተራሽ ደርሷል ብሎ ሚዛኑ ደወለ። የማስቀምጥበትን ቦታ በሲሚንቶ አስለሰንኩ። ዝርዝሩ በዚህ ሳምንት ይወጣል ይባላል።

ለልጅቱ መንገር አለብኝ። ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬ ሳሯን ስትሸከም ከኋላዋ ሆኜ ነገርኳት፤ ፊቷን ሳላይ ይቀለኛል ብዬ። ስሜ በኢንተርኔት ይወጣል፣ አባትሽ ካየው የት እንዳለን ያውቃል አልኳት።

ሸክሟን ሳታወርድ ዞረች። "ጥርሴን ያልሽኝ ቀን ነው የሰማሽው?"

"አዎ።"

"ገብቶኝ ነበር። ጥርስ ያመመው ሰው በር ደጋግሞ አያይም።"

ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኳት። ፊቱን አላስታውስም አለች። የምታስታውሰው ጫማውን ነው። ጠረጴዛ ሥር ትደበቅ ስለነበር ጫማው ነው የሚታያት፤ ማሰሪያው ሁልጊዜ የተፈታ ቡናማ ጫማ። እኔ ማሰሪያውን ረስቼው ነበር። እሷ ስትለው መጣልኝ።

ኅዳር 22

ወጣ።

ኅዳር 23

ወተት መሰብሰቢያው ጋ ሥራ የሚሠራ ጠፍቷል። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሚዛኑ ወተት መመዘን ትቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሰው ይከብበዋል። የባለ ትራክተሩ ስም አንድ ቦታ አይደለም የወጣው። የራሱ አለ፣ የሚስቱ አለ፣ ከዚያ የእናቱ። እናቱ ከአልጋ መነሳት ካቆሙ ስንት ዘመናቸው… በስማቸው የከብት ድጎማ ይከፈላል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን የሳቁት ራሳቸው ተናደዱ።

የእኔም ተነበበ። ስሜ፣ መንደሬ፣ ገንዘቡ። ሚዛኑ ሲያነበው ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ፤ ደስ ይበላት ብሎ ይሆናል።  ሌላ ሰው ግን ጉዳዬም አላለው። የሚቀጥለው ስም ተነበበ።

ኅዳር 29

ድርቆሽ ላመጣ ሄጄ ዋጋው ጨምሯል። ለምን አልኳት። አንቺ እኮ ከመንግሥት ታገኛለሽ አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። አለማየቷ ነው እንጂ የእሷም ባል ስም ከእኔ በሦስት መስመር ብቻ ነው የሚርቀው። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ድርቆሽ ሌላ የት አገኛለሁ?

ባለ ትራክተሩ ወተት መሰብሰቢያ መምጣት አቁሟል። ወተቱን በሠራተኛ ይልካል።

ታኅሣሥ 4

በሩ ላይ ወፍራም መቀርቀሪያ አስገጠምኩ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከሚዛኑ ጋር ነው የምትመጣው። እሱ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ መንገዴ ነው አለ፣ መንገዱ አይደለም።

እያንዳንዱን መኪና እሰማለሁ። ስንት መኪና እንደሚያልፍ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 11

ሚዛኑ ጠጋ ብሎ፣ ሰው በስልክ ጠይቆሻል አለኝ። የመሰብሰቢያውን ቁጥር ከየት እንዳገኙት እንጃ። አሮጊት ናቸው። የፍየሏ ሴትዮ እዚያ ወተት ታመጣለች ወይ፣ ልጅስ አለቻት ወይ ብለዋል። አዎ ብሏቸዋል። ምን ይበል? ምን አውቆ?

ድምፃቸው እንዴት ነበር አልኩት። ቀስ ያለ፣ የደከመ አለኝ።

የባሌ እናት ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል። እሱ ከጎናቸው ቆሞ ነው ያስደወላቸው። ሴት ከሆነች ይነግሯታል ብሎ።

ወተቱን እንዴት አስረክቤ እንደመጣሁ አላውቅም።

ታኅሣሥ 12

ሻንጣውን አወረድኩ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"እኔ አልሄድም" አለች። "ፈተና አለብኝ።"

ፈተና ከሕይወት ይበልጣል ወይ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ግን አልጮኸችም፣ ያ ነው ያሸነፈኝ። ፍየሎቹንስ፣ ለማን ትተናቸው አለች። ማቀዝቀዣውንስ። ደግሞ የሚቀጥለው ቦታም ስም ይጠይቁሻል አለችኝ።

እውነቷን ነው… ሻንጣውን መልሼ ሰቀልኩት። ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ ሄዳ አለበች። አኩራፊዋ ለእሷ ያለ ጨው ታለበች።

ታኅሣሥ 15

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። ባለ ትራክተሩ ነው። ዝርዝሩ ከወጣ ወዲህ ሰው ቤት ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ከጎኑ፣ የጎማው መከለያ ላይ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ በአንድ እጃቸው ብረቱን፣ በሌላው ነፋሱ እንዳይወስድባቸው ሻሻቸውን ይዘዋል።

"እህቴ፣ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ" አለኝ። አውቶቡስ መውረጃው ጋ መንገድ ሲጠይቁ አግኝቷቸው ነው። ይህን ዳገት በእግራቸው እንዴት ይወጡታል ብሎ።

አወቅኋቸው። አርጅተዋል፣ ግማሽ ሆነዋል፣ ግን አወቅኋቸው። ሰላም አላልኩም። ከኋላቸው መንገዱን ነው ያየሁት፣ ሌላ ሰው ካለ ብዬ።

"ብቻዬን ነኝ" አሉ። ገብቷቸዋል።

ባለ ትራክተሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ሞተሩን አጠፋ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልቆይ?" አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ስለ እሱ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ ስለ እናቱ ስም የተባለውም እውነት ነው። ይቺን ቃል ግን አልረሳለትም። ይቆዩ ጋሼ አልኩት። አጥሩ ጋ ሄዶ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አዙሮ ቆመ።

አማቴ ቤት አልገቡም። ደጁ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ጣሳውን መለሱልኝ።

"ልጄ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው" አሉ።

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩ።  እሳቸው ቀጠሉ። ጉበቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ሲፈልገኝ ከረመ፣ አልተሳካለትም፣ ተወው፤ መጠጡን ብቻ ያዘ። አልጋ ላይ ሲውል ልጅቱን ለማስጠራት አስበው ነበር። የት ብለው? ቀበሩት። ሰሞኑን የወንድማቸው ልጅ፣ ገበሬ ነው፣ የጎረቤቶቹን ድጎማ ሲያይ ቆይቶ ለጨዋታ ያህል የሚያውቀውን ሰው ስም ሁሉ ይጽፍ ጀመር። የእኔንም ጻፈ። አንድ ሰው ብቻ ወጣ።

ቤታችንንና ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር። አንድ ቀን ባገኛቸው ይህን እጠይቃለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ሳስበው ኖርኩ። ዛሬ ጠየቅኳቸው።

"ያኔ ይሰሙ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ልጄ ነዋ" አሉ። ሻሻቸውን ፈተው መልሰው አሰሩት። "ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ልጅቱን ልያትና ልሂድ።"

ልጅቱ ከሚዛኑ ጋር መጣች። ትራክተሩን አየች፣ አሮጊቷን አየች፣ እኔን አየች። ማናቸው አላለችም። አማቴ ተነሱ። ቀና ብለው ነው ያዩዋት፤ እሷ ናት የምትበልጠው። እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ሊነኩ ሲሉ መሀል ላይ አቆሙት። ልጅቱ ናት ጎንበስ ያለችው።

ባለ ትራክተሩ አሁን ልሂድ አለ። ይሂዱ አልኩት፣ አማቴ ያድራሉ።

ታኅሣሥ 16

ሦስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው በር ስቆልፍ ኖሬያለሁ።

ይሄ ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው። ሰሞኑን ያስገጠምኩት መቀርቀሪያ ለማን ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አላዘንኩምም። ተናድጃለሁ፣ ግን በማን? ሰው ሞተ ተብሎ አይናደዱበት። ቢያንስ ሲሞት ሊነግረኝ ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን ስሰማው ራሴ ሳቅሁ።

ልጅቱ የወተት ጀሪካኖቹን ታጥባለች። ታጥበው ያደሩ ናቸው። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

"ለምን አላለቅስም?" አለችኝ።

"ግዴታ የለብሽም።"

"ብፈልግስ?"

"ብትፈልጊ ትችያለሽ። አባትሽ ነው።"

አሰበችበት። አንዱን ጀሪካን ደፍታ ሌላውን አነሳች። "ታዲያ አሁን ማንን ነው የምንፈራው?"

 ማንንም ማለት ምን ያቅታል? አፌ ላይ ግን አልመጣም፤ አልለመደውም።

ታኅሣሥ 19

አማቴ ዛሬ ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ፍየሎቹን ወደዷቸው። አኩራፊዋን አይተው፣ ይቺማ ቁርጥ ታላቅ እህቴን ናት አሉ፤ ልጅቱ እስክታነባ ሳቀች። ሳቋ የማን እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። የእሳቸው ነው። ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ።

ይቅር አልኳቸው ወይ? አላልኩም። ተመልሰው ይምጡ ግን አልኳቸው። ለልጅቱ ብዬ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም አውቀውታል፣ እሺ ብቻ አሉ።

አውቶቡሱ ድረስ ያወረዳቸው ባለ ትራክተሩ ነው። ሳይጠራ መጣ።

ጥር 5

ማቀዝቀዣው መጣ። ድምፁ እንደሚያንኮራፋ ሰው ነው። ስድስቱም ወልደዋል፣ ሁለቱ መንታ። ቤቱ በግልገል ተሞላ።

ጥር 22

ስብሰባ። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም፤ ስም መውጣቱ ይቀጥላል። የድጎማ ክፍሉ ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ነገረን፤ ጉንፋኑ ለቆታል። ባለ ትራክተሩ ከኋላ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። በእናቱ ስም የወሰደውን እንዲመልስ ታዟል።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ማን ልበል አለኝ ሠራተኛው፣ ለመዝገብ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኩት፣ መንደሬንም። 

ስም መውጣቱን አልቃወምም አልኩ። ባይወጣ ኖሮ የአልጋ ቁራኛ ሰው ከብት ሲያረባ አናይም ነበር። ሰው ሳቀ፤ ባለ ትራክተሩ አቀረቀረ። አዘንኩለት፣ ግን እውነት ነው። ቀጠልኩ።

"ስሙ እንዳይወጣ የሚፈራ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም። እኔ ፈርቼ ነበር። ከሚመታኝ ባል የሸሸሁ ሴት ነኝ፣ ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። እንደ እኔ ያለችው ምን ታድርግ? የሐኪም፣ የጎረቤት፣ የማኅበሩ ቃል ማስረጃ ይሁናት።"

 ሠራተኛው ጻፈ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ጻፈ። ለበላይ አቀርባለሁ፣ ምን እንደሚሉ ግን ቃል አልገባም አለ። አይግባ። ባይገባም ጽፎታል።

ስንወጣ ድርቆሽ ሻጯ ክንዴን ያዘችኝ። ለምን አልነገርሽኝም አለች። ምን ብዬ አልኳት። እቤቴ ድረስ አብራኝ ሄደች።

የድርቆሹ ዋጋ ግን አልወረደም።

የካቲት 13

ልጅቱ የክፍሏን ፎቶ ይዛ መጣች። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ፎቶ የሚነሱበት ቀን አሟታል እያልኩ አስቀራት ነበር። ዘንድሮ ሄደች። ከኋላ ረድፍ ናት፣ ከሁሉም ረዥም። አፏን በእጇ ልትከድን ስትል ነው ያነሳት።

ከታች የሁሉም ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት በአባቴ ስም ነው፤ እዚያም ያንን እጠብቅ ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከእሷ ስም ቀጥሎ የእሱ ስም አለ።

ለአስተማሪዋ ራሷ ነግራ ነው። ይከፋሻል ወይ አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ፊቴን ታያለች።

ዘጠኝ ዓመት ያንን ስም ጠርቼው አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ጽፌው አላውቅም። አነበብኩት። ደግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ከእሷ ስም ጋር።  ስም ነው።

አልከፋኝም አልኳት። ፎቶውን ግድግዳው ላይ፣ ከመንገድ በሚታየው መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልነው። ከዚያ ለማለብ ወጣሁ። ልጅቱ ባልዲውን ይዛ ቀድማኝ ነበር።